ማዕበል የሚቀርጸው ዳርቻ፣ ወንዝ የሚያወርደው አፈር

አዊ ዞን ውስጥ ባለችው አዘና ላይ ስለ ባሕር ማዕበልና ስለ ባሕር ዳርቻ የሚያወራው የጂኦግራፊ ትምህርት ብዙውን ጊዜ በጥድፊያ ይታለፋል። ተማሪዎቻችን ባሕር አላዩም፤ ብዙዎቻችን መምህራንም አላየንም። ይቀርበናል የምንለው የጅቡቲ ወደብ እንኳ በመኪና መንገድ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ተማሪው ማዕበል የሚፈጠረው በነፋስ እንደሆነና ድንጋይ እንደሚሸረሽር ለፈተና ይሸመድድና ጉዳዩ እዚያው ይዘጋል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። የማዕበልን አሠራር ለማየት ባሕር ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ አዊ ውስጥና ጣና ዳር የምናየው ይበቃል። ከዚያም በላይ ከእርሻችን ታጥቦ የሚሄደው አፈር ለሺህ ዓመታት የአንድ ትልቅ ባሕር ዳርቻ ሲሠራ ኖሯል። ማዕበሉ እዚያ ምን እንዳደረገው ያልተረዳ ሰው አፈራችን የት እንደደረሰ የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነው።

ነፋስ ውሃን የሚይዝበት መንገድ

ለጥ ብሎ የተኛ ውሃ ለነፋስ መያዣ የለውም። ነፋሱ ግን በራሱ እኩል ሆኖ አይነፍስም፤ እዚህ ጫን፣ እዚያ ላላ ይላል። ይህ ያልተስተካከለ ግፊት በውሃው ገጽ ላይ ከሁለት ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ርዝመት ያላቸው ደቃቅ ሽብሽቦች ያስነሳል። እነዚህን መልሶ ለማስተካከል የሚታገለው የውሃው ገጽ ውጥረት ነው፤ ነፋሱ ከቆመ ወዲያው ይጠፋሉ።

ነፋሱ ካልቆመ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሽብሽቡ ለነፋሱ መያዣ ሆነለት። አሁን ነፋሱ የእያንዳንዱን ጉብታ ጀርባ ይገፋል፤ ከጉብታው ፊት ለፊት ያለው አየር ደግሞ ግፊቱ ይቀንሳል። ከኋላ መገፋት፣ ከፊት መላላት ሲደመር ጉብታው ያድጋል። ባደገ ቁጥር ነፋሱ የበለጠ ይይዘዋል፤ ነፋሱ በያዘው ቁጥር ደግሞ የበለጠ ያድጋል። በዚህ ጊዜ ውሃውን ወደ ታች የሚመልሰው የመሬት ስበት ነው። ከዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ማዕበል ነፋሱ ቢቆምም ጉዞውን አያቋርጥም።

አንድ ነፋስ፣ ሦስት ውሃዎች

የማዕበልን መጠን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የነፋሱ ፍጥነት፣ ነፋሱ የቆየበት ጊዜ፣ ነፋሱ ያለ መሰናክል በውሃ ላይ የሮጠበት ርቀት። ተማሪዎች የመጀመሪያውን በቀላሉ ይገምታሉ፤ ሁለተኛውንም ትንሽ አስበው ይደርሱበታል። ሦስተኛውን ግን ማንም አይገምተውም። ዳርቻዎች ሁሉ የሚለያዩት ግን በአብዛኛው በዚህ በሦስተኛው ነው።

ከዘንገና እንጀምር። ዘንገና ሐይቅ ከእንጅባራ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ይገኛል። በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ክብ ጉድጓድ ነው፤ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል። በኢትዮጵያ ሐይቆች ውስጥ በጥልቀት የሚበልጠው ሻላ ብቻ ነው። ዙሪያውን ደን የለበሰ የጉድጓዱ አፋፍ ስለከበበው ነፋሱ ሳይጋረድ አይደርሰውም። በሰከንድ 10 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሳይጋረድ ቢያገኘው እንኳ፣ መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ስሌት መሠረት በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚያስነሳው ማዕበል ከ15 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ነፋሱ ቀኑን ሙሉ ቢነፍስም ለውጥ የለውም፤ ርቀቱ አልቆበታል። የሐይቁ ጥልቀት እዚህ ላይ ምንም አይረዳውም።

ያንኑ ነፋስ ጣና ላይ አስቡት። ጣና ከሰሜን እስከ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ርቀት ላይ ያ ነፋስ ለሰዓታት ከነፈሰ የአንድ ሜትር ያህል ማዕበል ያስነሳል። የባሕር ዳር ጀልባ ነጂዎች ወደ ደሴቶቹ በጠዋት መሄድን የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲበረታ ሐይቁ ይናወጣል። በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምዱት ወይጦዎችም ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ውቅያኖስ ላይ ደግሞ ርቀቱ በሺህ ኪሎ ሜትር ይቆጠራል። ያው በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ፣ በቂ ርቀትና ቀናት ካገኘ፣ ማዕበሉን ከሁለት ሜትር በላይ ያደርሰዋል። ነፋሱ አንድ ነው፤ ዘንገና ላይ የስንዝር ያህል፣ ጣና ላይ እስከ ሰው ወገብ፣ ውቅያኖስ ላይ ከሰው ቁመት በላይ። የማዕበል ጉልበት ደግሞ ከቁመቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ፣ ቁመቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። የዘንገና ዳር ሣር ለብሶ ጸጥ ብሎ ሲኖር የውቅያኖስ ዳር ግን ገደል የሚናድበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከእኛ ክረምት ጋር የሚገጥም አንድ ነገርም እዚህ ላይ ልጨምር። ከሰኔ እስከ መስከረም በሶማሊያ ጠረፍ በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄድ ብርቱ ነፋስ አለ። አዘና ላይ ዝናቡ ሳያባራ በሚዘንብባቸው በእነዚያው ወራት የአረቢያ ባሕር በዓመቱ ከሁሉም የበለጠ ይናወጣል፤ ትንንሽ ጀልባዎችም ከዳር አይነሡም። ዝናባችንና የዚያ ባሕር ማዕበል የአንድ ወቅት ሥራ ናቸው።

የሚጓዘው ውሃው አይደለም

ነፋስ የጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ ከማሳው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው የሚሮጥ ሞገድ እናያለን፤ ጤፉ ግን ሥሩን ለቆ የትም አልሄደም፤ እያንዳንዱ አገዳ ጎንበስ ብሎ ይመለሳል። ባሕር ላይም የሚጓዘው ውሃው ሳይሆን ጉልበቱ ነው። እያንዳንዱ የውሃ ጠብታ ጉብታው ሲመጣ ወደ ላይና ወደ ፊት፣ ሲያልፍ ወደ ታችና ወደ ኋላ እየሄደ ክብ ይሠራል፤ በመጨረሻም ከተነሣበት አጠገብ ይመለሳል። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ክቡ እያነሰ ይሄዳል፤ በሁለት ተከታታይ ጉብታዎች መካከል ያለውን ርቀት ግማሽ የሚያህል ጥልቀት ላይ ስንደርስ እንቅስቃሴው ከሞላ ጎደል ይቆማል። ይህ "ግማሽ ርዝመት" የሚባለው ልኬት ከዚህ በታች ለምንናገረው ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ ያዙት።

ይህን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ነፋስ ባለበት ከሰዓት በኋላ ዘንገና ሂዱ፤ ዳሩ ገደላማና ወዲያው የሚጠልቅ ስለሆነ ውሃው ውስጥ አትግቡ። ደረቅ ቅጠል ውሃው ላይ ጣሉ። ጉብታዎቹ በሥሩ እያለፉ ይሄዳሉ፤ ቅጠሉ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ነፋሱ ራሱ ቅጠሉን ገፍቶ ትንሽ ከማንቀሳቀሱ በስተቀር ጉብታዎቹ ይዘውት አይሄዱም። ከዚያ በአንድ ደቂቃ ስንት ጉብታ በቅጠሉ ሥር እንዳለፈ ቁጠሩ። 60ን ለዚያ ቁጥር ስታካፍሉ በሁለት ጉብታዎች መካከል ያለውን ጊዜ በሰከንድ ታገኛላችሁ። ሰከንዱን በራሱ አባዙት፣ ውጤቱን በ1.56 አባዙት፤ በጥልቅ ውሃ ላይ የማዕበሉ ርዝመት በሜትር ይወጣላችኋል። በአንድ ሰከንድ አንዴ የሚመጣ ማዕበል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው። በ10 ሰከንድ አንዴ የሚመጣው የውቅያኖስ ማዕበል ግን 156 ሜትር ይረዝማል፤ በሰዓትም 56 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ይህን ስሌት ከተማሪ ጋር በሠራሁ ቁጥር የሚሰማኝ ደስታ አይቀንስም፤ ባሕር ሳያይ ባሕርን ለካ።

የጣናን ነገር እዚህ ላይ እንጨርሰው። በ4 ሰከንድ አንዴ የሚመጣ የጣና ማዕበል ከ20 ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ ስለዚህ እስከ 10 ሜትር ጥልቀት ድረስ ውሃውን ያነቃንቃል። የጣና ከፍተኛ ጥልቀት ደግሞ 14 ሜትር ገደማ፣ አማካዩም ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነው። ስለዚህ ብርቱ ነፋስ ሲነፍስ ማዕበሉ የሐይቁን ወለል በብዙ ቦታ ይነካል፤ የሰፈረውን ደለል ቀስቅሶ ውሃውን ያደፈርሰዋል። ዘንገና ግን ወለሉ 166 ሜትር ታች ስለሆነ ማዕበሉ ጭቃውን አይደርስበትም።

ከሩቅ የመጣ ማዕበል

ባሕር ዳር የቆመ ሰው ነፋስ ሳይኖር ትልቅ ማዕበል ሲመጣ ሊያይ ይችላል። ያ ማዕበል የተወለደው ሌላ አገር ነው። ዐውሎ ነፋስ በተነሣበት ቦታ ረጅምና አጭር ማዕበል ተደበላልቆ ይነሣል፤ ረጅሞቹ ፈጣኖች ስለሆኑ ቀድመው ይወጣሉ፤ አጫጭሮቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ከብዙ ርቀት በኋላ የሚደርሰው የተስተካከለና የተራራቀ ማዕበል ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየው ዋልተር ሙንክ የተባለ የውቅያኖስ ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 እሱና ባልደረቦቹ ከኒው ዚላንድ እስከ አላስካ በተዘረጉ ጣቢያዎች ላይ መለኪያ አቁመው በደቡብ ዋልታ አቅራቢያ ባለው ባሕር የተነሣ ማዕበል ፓስፊክን አቋርጦ፣ ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ አላስካ ሲደርስ ተከታተሉት። ሙንክና መምህሩ ሃራልድ ስቬርድሩፕ ያዘጋጁት የማዕበል ትንበያ ዘዴ ቀደም ሲል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን ከመርከብ ወደ ዳር ለማውረድ አገልግሏል፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1944 በኖርማንዲ የተደረገው ወረራ ቀን ሲወሰን የማዕበል ትንበያው ከተመዘኑት ነገሮች አንዱ ነበር።

ወለሉን ሲነካ

ማዕበል ወደ ዳር ሲቀርብ የውሃው ጥልቀት ከርዝመቱ ግማሽ በታች ይወርዳል። ታችኛው እንቅስቃሴ ወለሉን መንካት ይጀምራል፤ ማዕበሉም ይዘገያል። ከኋላ የሚመጣው ገና ፈጣን ስለሆነ ይደርስበታል፤ ርዝመቱ ያጥራል፤ ጉልበቱ በአጭር ቦታ ስለሚጠራቀም ቁመቱ ከፍ ይላል። የውሃው ጥልቀት የማዕበሉን ቁመት አንድ ጊዜ ከሩብ ያህል ብቻ ሲሆን ጫፉ ሥሩን ይቀድመዋል፤ ወደ ፊት ይደፋል፤ አረፋ ሆኖ ይሰበራል። ከሺህ ኪሎ ሜትር የተሸከመው ጉልበት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ እዚያ ያልቃል። ማዕበል ዳርቻን የሚሠራው በዚህ ቅጽበት ነው።

መታጠፍ የሚባለውም ነገር እዚሁ ይፈጠራል። የየብስ አፍንጫ ወደ ባሕር በሚገባበት ቦታ ውሃው ቀድሞ ይጎድላል፤ እዚያ የደረሰው የማዕበሉ ክፍል ይዘገያል፤ በሁለቱ ጎን ጥልቅ ውሃ ላይ ያለው ክፍል ግን እየሮጠ ይቀድማል። መስመሩ በአፍንጫው ዙሪያ ይታጠፋል፤ ጉልበቱ ከሦስት አቅጣጫ እዚያው ላይ ይወድቃል። በአፍንጫዎች መካከል ባለው ገባ ያለ ቦታ ግን ጉልበቱ ይበታተናል። ስለዚህ ማዕበል አፍንጫውን ይበላል፤ ገባ ያለውን በአሸዋ ይሞላል። ጊዜ ካገኘ የተሰባበረ ዳርቻን እያስተካከለ ይሄዳል።

ማፍረስ

ማዕበል ዓለት ላይ ሲያርፍ በስንጥቁ ውስጥ ያለውን አየር ይጨምቃል፤ ሲመለስ አየሩ በድንገት ይለቀቃል። ይህ በቀን ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ስንጥቁ ይሰፋል። ማዕበሉ የያዘው ጠጠርና አሸዋም ዓለቱን ይፍቃል። ከውሃው ልክ ላይ ሥሩ ይቦረቦራል፤ ከላይ ያለው ገደል ድጋፉን ሲያጣ ይናዳል። በቀይ ባሕር ዳርና በዳህላክ ደሴቶች ዓለቱ ከጥንት ኮራል የተሠራ በመሆኑ የባሕሩ ውሃና በላዩ የሚኖሩ ትንንሽ ፍጥረታትም ይበሉታል፤ ስለዚህ በውሃው ልክ በግልጽ የተቦረቦረ መስመር ይታያል። የምፅዋ አሮጌ ቤቶች የተሠሩትም ከዚያው ከኮራል ድንጋይ ነው። በሌላ በኩል ገና ያልሞተው ኮራል ከዳር ወጣ ብሎ ውሃ ውስጥ ስለቆመ ማዕበሉን ቀድሞ ይሰብረዋል፤ ከኋላው ያለው ዳር ጸጥ ይላል።

በጣና ይህን ሥራ የሚሠራው ደንገል ነው። ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት ዳር ማዕበሉ በግንዶቹ መካከል ጉልበቱን ይጨርሳል፤ ደለሉም እዚያው ይቀመጣል። ደንገሉ ተመንጥሮ እርሻ በሆነበት ቦታ ማዕበሉ ባዶ አፈር ያገኛል።

አሸዋው የሚሄድበት

ማዕበል ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ዳር አይመጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ አጋድሎ ነው። ሲወጣ አሸዋውን በዚያ አጋድሎ ይገፋዋል፤ ሲመለስ ግን ስበት ቀጥታ ወደ ታች ይጎትተዋል። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ወጥታ ስትመለስ ከነበረችበት ጥቂት ወደ ጎን ትገኛለች። ይህ ሳያቋርጥ ሲደጋገም አሸዋ በዳሩ ላይ በብዙ ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ለዚህ ነው የአሸዋ ዳር ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር ያልሆነው፤ ከአንድ በኩል ይመጣል፣ ከሌላ በኩል ይሄዳል። የሚመጣው ከሚሄደው ካነሰ ዳሩ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። የሚመጣው አሸዋ ደግሞ በአብዛኛው የወንዝ ነው።

የጎጃም አፈር በሜዲትራኒያን ዳር

አዘና ያለችበት የአየሁ ጓጉሳ ወረዳና የአካባቢው ወንዞች ወደ ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ወርደው አባይን ይቀላቀላሉ። ከዳንግላ በኩል የሚነሡት ደግሞ ወደ ግልገል አባይ ገብተው ጣና ይደርሳሉ። ሁለቱም በክረምት ቀይ ሆነው ይሞላሉ።

ጣና የደረሰው ደለል ምን እንደሚሆን መጀመሪያ እንይ። ግልገል አባይ በሐይቁ ደቡብ ምዕራብ በኩል ሲገባ ከዳሩ አልፎ ወደ ውሃው የገቡ ረዘም ያሉ የደለል ክንዶች ሠርቷል። ይህ ቅርጽ አንድ ነገር ይነግረናል፦ ወንዙ የሚያመጣው የጣና ማዕበል ጠርጎ ከሚወስደው ይበልጣል። ማዕበሉ ቢበረታ ኖሮ ክንዶቹን ቆርጦ ዳሩን ያስተካክለው ነበር።

አሁን ወደ አባይ እንመለስ። የግብፅን ዴልታ የሠራው ደለል በአብዛኛው የአባይ፣ ከዚያ ቀጥሎ የተከዜ ነው፤ ነጭ አባይ የሚያመጣው ደለሉን ረግረግ ላይ ጥሎ ስለሚመጣ ጥቂት ነው። በዘመናችን ያለው ዴልታ የተሠራው ባለፉት 7 ወይም 8 ሺህ ዓመታት፣ የባሕሩ ከፍታ መጨመሩን ካቀዘቀዘ በኋላ ነው። ግድቦች ሳይሠሩ በፊት በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል በግብፅ በኩል ያልፍ ነበር። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ እርሻ ላይ ይቀር፣ ብዙው ባሕር ይገባ ነበር።

በወንዙ አፍ ላይ የሚጠብቀው የሜዲትራኒያን ማዕበል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል። የመጀመሪያ ሥራው መለየት ነው። ደቃቁን ጭቃ አንሥቶ ወደ ጥልቁና ወደ ምሥራቅ ይወስደዋል፤ አሸዋውን ዳር ላይ ይተወዋል። ከአሸዋውም ውስጥ ቀላሉን ፍሬ እያነሣ ከባዱን ይተዋል። ስለዚህ ራሺድ፣ ወይም ሮዜታ በሚባለው የአባይ ምዕራባዊ አፍ አካባቢ ጥቁር አሸዋ ተጠራቅሟል፤ ግብፅ ከዴልታው ዳር ካለው እንዲህ ያለ አሸዋ ማዕድን ታወጣለች። ከዚያ አሸዋ ውስጥ አውጋይት የተባለው ማዕድን ከኢትዮጵያ ደጋ የባዛልት ዓለት የመጣ ለመሆኑ ምስክር ነው። አዊም የተቀመጠው በዚሁ ዓለት ላይ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስናገር ሁልጊዜ ቆም እላለሁ፤ ከእንጅባራ ኮረብታ ላይ የተፈለፈለች ፍሬ ሜዲትራኒያን ዳር ላይ በማዕበል እየተለየች መሆኗ ተማሪዬ ሊያልፈው የሚገባ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው የማዕበሉ ሥራ ማጓጓዝ ነው። ከሰሜን ምዕራብ ስለሚመጣ አሸዋውን ወደ ምሥራቅ ይገፋል። የአባይ አሸዋ በሲና ሰሜናዊ ዳር አልፎ እስከ ሃይፋ ባሕረ ሰላጤ ድረስ ይደርሳል። ያ ረጅም የአሸዋ ዳርቻ የኖረው ከወንዙ በየዓመቱ አዲስ አሸዋ ስለሚመጣለት ነበር።

ከዚያ ግድቦች መጡ። እ.ኤ.አ. በ1902 የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ፣ በ1925 የሰናር፣ በ1966 የሮዛሪስ፣ በ1970 ታላቁ የአስዋን ግድብ ተጠናቀቁ። ከመጨረሻው በኋላ ባሕር የሚደርሰው ደለል ከሞላ ጎደል ቆመ። ማዕበሉ ግን አልቆመም። ያን ጊዜ የታየው ከላይ የተናገርነውን ሁሉ በአንድ ቦታ ያሳያል፦ ወደ ባሕር የወጣው የራሺድ አፍንጫ ላይ ማዕበሉ ታጥፎ ጉልበቱን ያሳርፍበታል፤ አሸዋውን ጠርጎ ወደ ጎን ይወስደዋል፤ የሚተካ አዲስ አሸዋ የለም። ዳሩ በአንዳንድ ዓመታት ከ100 ሜትር በላይ ወደ ኋላ አፈገፈገ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአፉ ግራና ቀኝ ትልልቅ የድንጋይ ግንቦች ተሠሩ። ግንቡ የቆመበት ቦታ መሸርሸሩን አቆመ፤ ከግንቡ ጫፍ ቀጥሎ ያለው አሸዋ ግን መሸርሸር ጀመረ፤ ማዕበሉ ያጣውን አሸዋ ከዚያ ፈልጎ ወሰደ።

ከዚህ ተነሥቶ "ታዲያ አፈራችን ቢሄድ ጥሩ ነው ማለት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም። መልሴ በግልጽ አይደለም ነው። ያ ዴልታ የተሠራው በሺህ ዓመታት ውስጥ ነው። ዛሬ አፈሩ ከተራቆተ እርሻ የሚታጠበው ከዚያ በፈጠነ ሁኔታ ነው፤ የሚደርሰውም ባሕር ዳር ሳይሆን ግድብ ሥር ነው። በፋግታ ለኮማና በባንጃ ገበሬዎች ለከሰል ብለው የተከሉት ዲከረንስ የተባለው ዛፍ ቁልቁለቱን ከሸፈነ ወዲህ ከዚያ የሚወርደው አፈር መቀነሱ ለእኛም ለግድቦቹም ጥቅም ነው።

ጨው ሜዳ ላይ የቀረ የባሕር ዳርቻ

ኢትዮጵያ ውስጥ በእግር የሚደረስ የባሕር ዳርቻ አለ፤ ውሃው ብቻ ሄዷል። ከባሕር ጠለል በታች እስከ 120 ሜትር የሚወርደው የደናክል ሜዳ ቀድሞ የቀይ ባሕር አካል ነበር። ባሕሩ ለመጨረሻ ጊዜ የገባው ከ125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ መግቢያው ሲዘጋ ውሃው ተንኖ ጨዉ ቀረ። በግመል ተጭኖ ወደ በራህሌና ወደ መቀሌ ሲወጣ የኖረው አሞሌ የዚያ ባሕር ቅሪት ነው። በሜዳው ጠርዝ ላይ ዛሬም የኮራል ዓለት ከነቅርጹ ይገኛል። ኮራል የሚያድገው ብርሃን በሚደርስበት ጥልቀት ባልሆነ ውሃ ውስጥ ስለሆነ፣ ያ የኮራል መስመር የጥንቱን ዳርቻ አካሄድ ያሳያል።

የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም እንዲህ ያለ ምልክት አላቸው። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ዝናብ በበዛበት ዘመን፣ ከዛሬ 10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ በነበሩት ሺህ ዓመታት፣ አንድ ሐይቅ ነበሩ። ከዛሬው የሻላ ውሃ 110 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ማዕበል ያድቦለቦለው ጠጠርና የቀንድ አውጣ ቅርፊት የያዘ ደለል በተዳፋቱ ላይ ይገኛል። ድብልብል ጠጠር ከውሃ ርቆ ስታዩ እዚያ አንድ ጊዜ ወንዝ ወይም ማዕበል ሠርቷል ማለት ነው።

ከማዕበል ጋር የሚምታቱ ሁለት ነገሮች

የባሕር ሙላትና ጉድለት በጨረቃና በፀሐይ ስበት የሚመጣ ነው፤ ነፋስ የለበትም። ለዳርቻ የሚያደርገው ማዕበሉ የሚያርፍበትን ከፍታ በቀን ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው።

ሱናሚ ደግሞ በአብዛኛው የባሕር ወለል በመሬት መንቀጥቀጥ ሲነሣ ወይም ሲሰምጥ የሚመጣ ነው። ርዝመቱ በመቶ ኪሎ ሜትር ስለሚቆጠር ውቅያኖስ ራሱ ለእሱ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው፤ በ4,000 ሜትር ጥልቀት ላይ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 2004 ሱማትራ አጠገብ የተነሣው በዚያው ቀን የሶማሊያን ጠረፍ መታ። በተለይ ሃፉን ክፉኛ ተጎዳች፤ በአገሪቱ 300 ያህል ሰዎች ሞቱ።

አዲስ ዳርቻ

በዚህ ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ አዲስ ዳርቻ እየተሠራ ነው። የሕዳሴ ግድብ የፈጠረው፣ ከሐምሌ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የተሞላውና ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የንጋት ሐይቅ ሙሉ ሲሆን 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ ይህ ከጣና ስፋት ከግማሽ በላይ ነው። የውሃው ከፍታ ያን ጊዜ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ይሆናል። ቅርጹ የወንዝ ሸለቆዎችን ተከትሎ የተንዘረጋ፣ ኮረብታዎች ደሴት ሆነው የቆሙበት ስለሆነ ነፋሱ የሚሮጥበት ርቀት ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል፤ በጠባቡ ክንድ ውስጥ ማዕበሉ አነስተኛ፣ በሰፊው ቦታ ግን ብርቱ ይሆናል። አባይ ከእኛ በኩል ደለል ይዞ ሲገባና የረጋ ውሃ ሲያገኝ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ አሸዋውን በሐይቁ ራስ ላይ ይጥላል፤ ደቃቁ ጭቃ ወደ ውስጥ ገብቶ ይዘቅጣል።

በባሕር ዳርና በእንዲህ ያለ ሐይቅ ዳር መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የባሕሩ ከፍታ ከቀን ወደ ቀን ከሙላትና ጉድለቱ በላይ ብዙ አይለዋወጥም፤ ማዕበሉ አንዱን መስመር እየደጋገመ ይመታል። በንጋት ሐይቅ ግን ውሃው በክረምት ይሞላል፤ በበጋ ለመብራት ማመንጫ ሲለቀቅ ይወርዳል። ማዕበሉ በየወቅቱ ሌላ ከፍታ ላይ ይሠራል። ገደላማ በሆነው ቦታ ልሉ አፈር ተጠርጎ ዓለቱ ይገለጣል፤ ለዘብ ባለው ተዳፋት ላይ ደግሞ ውሃው ለሳምንታት በቆመባቸው ከፍታዎች ልክ ትንንሽ እርከኖች ይቀረጻሉ።